የታሪክ መምህሩ ለልጁ የመረጠላት

መንግሥት የሳይንስ መምህራንን ደመወዝ ብቻ አራት እጥፍ ያሳደገ ዓመት፣ የታሪክ መምህሩ ካሊሳ የመምህራን ማረፊያ ክፍል መግባት ተወ። ሻዩን ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጀርባ፣ የማገዶ ክምር ላይ ተቀምጦ ይጠጣ ጀመር። እኛ ፎርት ፖርታል አካባቢ ያለን ሰዎች ሻይ ብርቃችን አይደለም፣ ተራራው ሁሉ ሻይ ነው። ሻዩን ለብቻው የሚጠጣ ሰው ስናይ ግን አንድ ነገር እንደነካው ይገባናል።

እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጨዋታ አምጪው እሱ ነበር። ስለ ቶሮና ስለ ቡንዮሮ ነገሥታት ሲያስተምር የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ መስኮቱ ሥር ቆመው ያዳምጡት ነበር። የከተማው ሹም፣ ነጋዴ፣ ቄስ፣ ግማሹ በእጁ ያለፈ ነው። አራሊ የሚባለው የፊዚክስ መምህርም እሱው ያስተማረው ልጅ ነበር። አዋጁ በወጣ በዓመቱ ይኸው አራሊ መኪና ገዛ።

አራሊ ክፉ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኘው መኪናውን አቁሞ፣ «አሞቲ፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ እኮ ነው» ይለዋል። ካሊሳ እየበሰበሰ፣ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው፣ ሂድ ሂድ» ይላል። የባሰው የሒሳብ መምህሩ ነበር። አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ ባለበት፣ «አሞቲ፣ ያን ሁሉ ንጉሥ በስም ታውቃለህ። አንዱን ስለ ደመወዝህ አናግረው እንጂ» አለው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ካሊሳም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ወደ ማገዶው ክምር የሄደው።

አሞቲ ዋና ስሙ አይደለም። እኛ ቶሮዎች ከስማችን ሌላ ኤምፓኮ የምንለው መጠሪያ አለን፣ ገና በሕፃንነታችን ይወጣልናል። ሰላምታ የምንለዋወጠው በሱ ነው፣ የምንቆላመጠውም የምንለማመነውም በሱ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በኤምፓኮህ ጠርቶ ከለመነህ፣ በተለይ በሰው ፊት፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ካሊሳ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው። ስሟ ኩኒሂራ፣ ኤምፓኮዋ አብዎሊ ነው። ማታ ማታ እናቷ ፊሪንዳ ለምንለው ወጥ የነከረችውን ባቄላ እየላጠች፣ አባቷ የነገሥታቱን ጠብና እርቅ ሲያወራ እየሰማች ነው ያደገችው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ «አባዬ፣ ትናንት ወንድሙ ነው የገደለው ብለው ነበር፣ ዛሬ አጎቱ ሆነ?» ብላ አፋጠጠችው። ካሊሳ ይህን ለሳምንት ያህል ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብሎ እየተሳሳተ ይፈትናት ነበር፣ አንድም ጊዜ አላለፈችውም።

የሁለተኛ ደረጃ አራተኛውን ዓመት ስትጨርስ ውጤቷ በሁሉም ጥሩ ሆነ፣ በታሪክ ግን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። ከዚህ በኋላ ያለው የሁለት ዓመቱ ኤ ሌቨል ነው። ሦስት ትምህርት ይመረጣል፣ ሌላው በር ሁሉ ይዘጋል፤ ዩኒቨርሲቲም የሚያስገባው፣ እንጀራም የሚሆነው ያ ሦስቱ ነው። ኩኒሂራ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ኢኮኖሚክስ መረጠች። ካምፓላ ሄዳ ሕግ ልትማር ነው ሐሳቧ። አባቷ ደስ ይለዋል ብላ እራት ላይ ነገረችው።

ካሊሳ የጠቀለለውን የዳጉሳ ገንፎ ወደ ሳህኑ መለሰው።

«ታሪክ ምን ያደርግልሻል?»

«ሕግ እማርበታለኋ።»

«እኔም ዲፕሎማት እሆንበታለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ኤምባሲዬ» ብሎ የሚያፈሰውን ጣሪያ በአገጩ አሳያት። «ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ነው የምትይዢው። ኢንጂነር ትሆኛለሽ። ባይሆንልሽ እንኳ አስተማሪ ትሆኛለሽ፣ ማንም አይስቅብሽም።»

«ሒሳብ እኮ እንደነገሩ ነው የማውቀው፣ አባዬ። ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍኩት።»

«ይኸንንም ትሸመድጂያለሽ።»

«አልፈልግም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም።

ሚስቱ አድዬሪ መሐል ገባች። «አሞቲ፣ ልጅቷን ተዋት ትብላበት። የሚማረው የሷ ጭንቅላት ነው።»

ለብዙ ቀን ተጨቃጨቁ። ልጅቷ ወይ ፍንክች አለች። ትምህርትም ተጀመረ፣ የመረጠችውን ክፍል ገብታ ተቀመጠች። እልህ የወረሰችው ከሱው ነው፣ ይህን ያጣው አይመስለኝም። ቤት ውስጥ እንደማያሸንፋት ሲገባው ሌላ መላ ዘየደ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ወደ ትምህርት ጉዳይ ኃላፊዋ ወደ አኪኪ ቢሮ ገባና ልጁን አስጠራት። ቢሮው ውስጥ ሦስት አራት መምህራን ነበሩ፣ የሒሳብ መምህሩም አራሊም አሉበት። ካሊሳ ይውጡልኝ አላለም። ኩኒሂራ ገባች፣ እንደ ደንቡ በትልልቆች ፊት ተንበረከከች።

«አብዎሊ» አላት አባቷ።

«አቤት፣ አሞቲ።»

«አብዎሊ የኔ እናት፣ እለምንሻለሁ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ያዢልኝ። አብዎሊ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

አባት ልጁን ሲያዝ አይተናል፣ ሲቆጣም አይተናል። አባት ልጁን በኤምፓኮዋ እየጠራ በአደባባይ ሲለምን ግን የታየው የሚሞት ሰው ሲሰናበት ነው። ያንን ቃል ለዚህ ማዋሉ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ልጅቷ ወደ አኪኪ ቀና አለች። አኪኪ እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋችና፣ «እንግዲህ አብዎሊ፣ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

«እሺ፣ አሞቲ።»

የሒሳብ መምህሩ የካሊሳን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አለው። ካሊሳ ያን ዕለት መምህራን ክፍል ገብቶ ሻይ ጠጣ፣ ሁለተኛም አስቀዳ። የሱ ልጅ ከነሱ ወገን ሆናለችና ወንበሩን የመለሱለት መሰለው።

የአራሊንም መኪና ከዚያ ወዲያ ይሳፈር ጀመር። አንድ ጠዋት ከሻይ ማሳው መታጠፊያ ላይ አራሊ መኪናውን ቀስ አደረገ።

«አሞቲ፣ ባይቀየሙኝ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«ምን ቅያሜ አለ? በል።»

«ኩኒሂራ አልሆነላትም። ጥያቄውን አንብባ የምትጽፍልኝ ድርሰት ነው፣ ደግሞ ሲያምር። ፊዚክስ ግን አይደለም። አሁን ገና የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ነው፣ አኪኪ ትመልሳታለች። ከፋሲካ ካለፈ ማንም አይመልሳትም።»

«አንተም ስትጀምር አልገባህም ነበር።»

«እኔ እወደው ነበራ።»

ካሊሳ ፊቱ ጠቆረ። «ገባኝ» አለ። «የታሪክ አስተማሪ ልጅ ከታሪክ እንዳትወጣ ነው። ይኼ መኪና ላንተ ብቻ ይሁን?»

«ኧረ መምህሬ! እንዲህ ማለቴ መሰለዎት?»

«አቁምልኝ፣ ልውረድ።»

ወረደ። ዝናብም ይዘንብ ነበር። አራሊ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ትንሽ እየተከተለ ለመነው፣ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ካሊሳ ያን ቀን ቢሰማው ኖሮ ልጅቷ ትተርፍ ነበር። ቅናት ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ኩኒሂራ አልለገመችም። ብትለግም ይሻል ነበር። ሌሊት ተነስታ ታጠናለች፣ ቀመሩን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ምግብ ስትሠራም ታነበንባለች። ወሰነ ትምህርት ባለፈ ቁጥር ግን ከላይዋ አንድ ነገር እየተቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳቋ ጠፋ፣ ቀጥሎ ክርክሯ። ምን ይበሰል ብትላት እናቷ፣ «ያለውን» ትላለች። የቱን ቀሚስ ላውጣልሽ ብትላት፣ «የቱም ይሁን» ትላለች። አንድ ማታ ካሊሳ ባቄላው ሲላጥ ቀረብ ብሎ የድሮውን የነገሥታት ወሬ ጀመረና፣ ሆን ብሎ ልጅየውን የአባቱ ገዳይ አደረገው። ታርመኛለች ብሎ ጠበቀ። ኩኒሂራ አንገቷን ደፍታ መላጧን ቀጠለች። አድዬሪ ባሏን ቀና ብላ አየችው፣ እሱ ግን ደክሟት ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

የኤ ሌቨሉ ውጤት በስልክ መጣ። ኬሚስትሪን ለጥቂት አልፋለች፣ ፊዚክስ ከማለፊያው በታች ነው፣ ሒሳብ ጭራሹን ወድቃለች። በአንድ ትምህርት የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የለም። ካሊሳ ስልኩን ደጋግሞ ከፍቶ አነበበው። ኩኒሂራ አላለቀሰችም፣ የእራቱን ሳህን ማጠቧን ጨርሳ ተኛች። አድዬሪ ብቻ፣ «አሞቲ፣ የልብህ ደረሰ?» አለችው።

በወሩ ኩኒሂራ ሻይ ለቀማ ገባች። ማንም አላስገደዳትም፣ የጎረቤት ሴቶች ነይ ሲሏት እሺ ብላ ሄደች። ማሳው ከትምህርት ቤቱ መንገድ ማዶ ነው። ካሊሳ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ዞር ሲል፣ ቅርጫት በጀርባቸው ካዘሉት መካከል የሷን ቢጫ ሻሽ ይለየዋል። መጀመሪያ አፈረ፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። በኋላ ሐፍረቱ ተወውና ሌላ ነገር ያዘው። ያጠፋሁት የሰው ልጅ ነው አለ፣ ደግሞ የራሴን። መስኮቱን ዘግቶ ማስተማር ጀመረ፣ ሙቀቱም ቢሆን አላስከፈተውም።

በመጨረሻ አኪኪ ቢሮ ሄደ። ዛሬ ማንም እንዳይሰማው ሁሉም እስኪወጡ ጠበቀ።

«አኪኪ፣ አምስተኛ ዓመትን እንደገና ትጀምር። በሥነ ጽሑፉ ክፍል። የመረጠችውን።»

«ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለች አኪኪ። «ፈርቼህ ነው። ሰኞ ይዘሃት ና፣ ቦታ አላጣላትም።»

ካሊሳ ኮቱን እንኳ ሳይዝ መንገዱን ተሻገረ። እንዲህ የሮጠበትን ቀን አናስታውስም። ከፊት ረድፍ ያሉት ሴቶች፣ «አሞቲ፣ ንጉሥ ሞተ እንዴ?» ብለው ቀለዱበት። ሳይመልስላቸው አለፈ። ኩኒሂራ ከረድፉ መጨረሻ ላይ ነበረች፣ ሰላምታ ሰጥታው ጣቶቿን ወደ ቅጠሉ መለሰች።

«አብዎሊ፣ አኪኪን አነጋገርኳት። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ያንቺውን። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

«እሺ።»

«እሺ ስትይ... ትፈልጊያለሽ ማለት ነው?»

«እርስዎ ካሉ።»

«እኔ ያልኩትን ተይው። እኔ አጥፍቻለሁ፣ በድዬሻለሁ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ነው የምልሽ።»

እጆቿ ቆሙ። ጥያቄውን ከልቧ አሰበችበት፣ እየፈለገችም ይመስል ማሳውን ቁልቁል አየች። ካሊሳ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለገ። ብትሰድበው፣ ብትጮህበት፣ ሂድ ከፊቴ ብትለው በወደደ። ቁጣ የለም፣ ምፀትም የለም።

«አላውቅም፣ አባዬ» አለች። «ድሮ አውቀው ነበር። ስፈልገው አጣሁት። እርስዎ ይምረጡልኝ፣ የመረጡልኝን እይዛለሁ።»

ካሊሳ ያኔ ገባው። ታሪክ ቢላትም እሺ ልትል ነው፣ ፊዚክስ ቢላትም፣ እዚሁ ሻዩ ውስጥ ቅሪ ቢላትም። የማሳው ተቆጣጣሪ ከላይ ሆኖ አፏጨ። ኩኒሂራ አባቷ መልስ ይሰጣት እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ቅርጫቷን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ረድፍ ገባች።