«እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል»

ትናንት የእህቴ ልጅ ስልኳን ፊቴ ደቅና «አክስቴ፣ ይሄን እዪልኝ፤ እውነተኛ ታሪክ ነው እኮ!» አለችኝ። ጥቁሩ ማያ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጋኔን አላየሁትም። የረጠበ ሹራብና የተቆላ ሽምብራ ሸተተኝ፤ መቱ ከተማ የነበረው ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ።

እኔ፣ ስሙኝማ፣ የዚያ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበርኩ። ያውም በዘጠነኛ ክፍል! ባለቤቱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ሱቃቸውን ለሁለት ከፍለው ቴሌቪዥን ያስገቡ ነጋዴ ነበሩ። እንግሊዝኛ እንደምችል ሰምተው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ፊልሙ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እከተላለሁ፣ ከዚያ በኦሮምኛ እደግመዋለሁ። የመቱ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከፊልሙ አንድ ቃል አይሰማም። ያኔ ከራሴ እጨምር ነበር። ደግሞ አሳምሬ! ሰዉ ከፊልሙ ይልቅ የኔን አፍ ነበር የሚያየው።

አንድ የነሐሴ ቅዳሜ አስፈሪ ፊልም መጣ። ገና ሲጀምር ያ ነጭ ጽሑፍ ወጣ። «እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል» አልኩ። ከሁሩሙ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ዱጋዳ?» አሉ፤ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። «ዱጋዳ አባባ! ተጽፏል እኮ» አልኳቸው።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ወለሉ ከሥር ይንኳኳል። መሃል ላይ ዝናቡ ወረደ። አንድ ቄስ ረጅም ነገር ይናገራል፣ እኔ ምንም አይሰማኝም። ሰዉ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። አላውቅም ከምል ብሞት ይሻለኛል! «ይሄ መንፈስ ዘመድ የሌላትን፣ ከሩቅ የመጣችን ሴት ፈልጎ ነው የሚያድርባት» አልኩና አረፍኩት።

በሰፈራችን እንዲህ ያለች ሴት አንድ ብቻ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ። በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ መጥታ፣ ወላጆቿ ሞተው፣ እትዬ ከምንላቸው ባልቴት አንድ ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቶች በሯ ላይ ይጋፉ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን በሯ ጭር አለ። ልጆች ቤቷ ጋ ሲደርሱ ይሮጣሉ። የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ «ይኸው፣ ወለሉ ጀመረ» ተባለ። ቅዳሜ ከፊት ተቀምጠው የሰሙት እትዬም «እስከ እሑድ ልቀቂልኝ፣ ከነሚከተልሽ!» አሏት። እናቴ ይህን ስታወራ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። የት ትሄዳለች? ከዚያች ክፍል ሌላ ምን አላት?

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ጨርቆቿን ኩርቱ ፌስታል ውስጥ እየከተተች ነበር። «እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ፊልሙ አላለም» አልኳት፣ እያለቀስኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ይረባኛል፣ አንቺ ልጅ? ለሰሙት ንገሪያቸው።»

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ የማደርገውን ስነግራቸው «ተዪው፣ ሰው ይረሳዋል፤ ተርጓሚዋ ውሸታም ናት ከተባለ ማን ይመጣል?» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን በርጩማው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። «እውነተኛ ታሪክ ነው የሚለው ፊልሙ ነው፤ እኔ አላየሁም፣ ምስክር አልሆንለትም። ዘመድ የሌላት ሴት ላይ ያድራል ያልኩት ግን ፊልሙ ውስጥ የለም፤ የኔ ውሸት ነው!» በኦሮምኛም ደገምኩት። አንዱ አፏጨ። ሌላው «ስንቱን ፊልም ዋሽተሽን ኖሯል!» ብሎ ሳቀብኝ። የሁሩሙው ሽማግሌ «ተዋት! ውሸቷን በአፏ የተናገረች ልጅ ከእንግዲህ ትታመናለች» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ፣ ተጨብጭቦልኛልም። እንደዚያ ቀን ግን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ተናግረው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ ገባች፤ ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ቪዲዮ ቤት ረግጣ አታውቅም። በሰዉ መሃል አልፋ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ እትዬ ጎን ተቀመጠች። እትዬ ፈቀቅ አሉ። «ያንኑ ፊልም ክፈቱልኝ፤ ሰው የሚሸሸኝ በምን እንደሆነ ልየው» አለች። ጋሼ ከፈቱላት። እኔም ተረጎምኩ፣ ያልሰማሁትን «አልሰማሁም» እያልኩ።

ወለሉ ሲንኳኳ እትዬ ጮኹና ሳያስቡት የልብስ ሰፊዋን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨመደዱ። እሷም እጇን እጃቸው ላይ አድርጋ «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ አለሁ» አለቻቸው። በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማናት።

ሁለቱም ዛሬ የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያን ቀን ፊልሙ አልቆ፣ ጭቃውን እየዘለሉ አብረው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እንኳ፣ እትዬ ክንዷን አልለቀቁም ነበር።