አረንጓዴው በርና የቡሌዋ ላም

ያን በር ተሸክሜ ዳገት የወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ለምን እንደ ጮኽኩ እንድትረዱልኝ ነው።

ከዲላ ቤተ ክርስቲያናችን ተሰባስበን ደጋው ቡሌ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ቤት ልንሠራ ወጣን። ነፋስ ጣሪያቸውን ወስዶት፣ ዝናብ ግድግዳውን ንዶት፣ እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ተጠግተዋል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው አሉን ጎረቤቶቻቸው፦ "ቤቴ የምገባው መቼ ነው?" ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

አንድ የጉባኤያችን አባል የኩሽናውን የብረት በር ቀይሮ አሮጌውን ለግሶናል። አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ክብደቱ ግን አይጣል ነው! መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ሁሉም ቀለል ቀለል ያለውን ተሻማ። ጫማዬን አውልቄ ቀና ስል የቀረው በሩ ነው። "ወንድም፣ ጌታ ጉልበት ይስጥህ!" ብለውኝ እየዘመሩ ቀደሙኝ። ኧረ ለእናንተም ይስጣችሁ! ከየእንሰቱ ቅጠል ጋር እየተላተምኩ ብቻዬን ደረስኩ።

ሌላ በር ስለሌለን ግድግዳውን በእሱ ልክ አቆምን። ሳምንቱን እዚያው አጥቢያ አዳራሽ እያደርን ጭቃ ረገጥን፣ መረግን፣ ቆርቆሮ መታን። እናትየውን ግን ዝር እንዳይሉ ከለከልናቸው። ድንገት አይተው ይደሰቱ ብለን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን አስታውሶት!

በምርቃቱ ቀን ፓስተራችን ከዲላ መጡ። ሪባን ተወጠረ፣ ጸሎቱ ረዘመ፣ ደመናው ጠቆረ። እናትየው ልጃቸውን አስከትለው፣ ላማቸውን በገመድ ይዘው ቆመዋል። ፓስተሩ ስጦታ መስሏቸው ልባቸው ተነካ። "አይሆንም እናቴ! ይህ ቤት በጸጋ የተሠራ ነው፣ ላሟን አንቀበልም!" አሉ። እናትየው አማርኛ አይሰሙም። በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉና ላሟን ወደ በሩ ጎተቷት።

አንገቷ ገባ፣ ሆዷ እምቢ አለ። እናትየው ከፊት ይስባሉ፣ የመዘምራኑ መሪ ከኋላ ይገፋል። ነጭ ሸሚዙ ምን እንደ ደረሰበት አልናገርም። ላሟ እንደምንም ወደ ኋላ ከወጣች በኋላ እናትየው በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ልጃቸው ተረጎመልን።

"ላሜ የት ልትተኛ ነው?"

ቆሽቴ አረረ። "እናቴ፣ ለላም በረት ይሠራላታል! ይህን በር እኮ በዚህ ትከሻዬ ነው ያመጣሁት!" ብዬ ጮኽኩ። ልጁ የትከሻዬንም ነገር ሳይቀር ተረጎመላቸው። እሳቸው ትከሻዬን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ ገመዱን ጠቅልለው ላማቸውን እየነዱ ወደ ልጃቸው ቤት መንገድ ጀመሩ። ያለ እሷ አልገባም ነው ነገሩ። ፓስተሩ ለመኑ፣ ጎረቤት ለመነ፣ ወይ ፍንክች! ለአንዲት ላም ብለው ክረምቱን ሙሉ በሰው ቤት ሊከርሙ ነው ብዬ ከልቤ ተናደድኩ።

ልጁ ሮጦ ደረሰባቸውና ምን እንዳሉት ሊነግረን ተመለሰ።

"'አባትህ ከሞተ ወዲህ፣ ሌሊት ስስል ቀና ብላ የምታየኝ እሷ ብቻ ናት' ነው የምትለው" አለን።

ሲጨርስ መሬት መሬቱን አየ። አንጀቴን በሉት፤ በሩንም፣ ትከሻዬንም ረሳሁት። መጥረቢያ ላነሳ ጎንበስ ስል ልጁ ቀደመኝ። ትናንት የመረግነውን ግድግዳ ከነማገሩ ይቆርጠው ጀመር። ላግዝህ ስለው እምቢ አለኝ። የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምተው እናትየው ከነላማቸው ተመለሱ። ዝናቡ ሲጀምር ላሟ በአዲሱ ቀዳዳ ሆዷን እያወዛወዘች ገባች። እናትየው ተከተሏት። የምርቃቱ እንግዶች በሙሉ ውጭ ቆመን በሰበስን።

ልንሄድ ስንል ልጁ ፍራሽ ተሸክሞ መጣ። ለቀዳዳው መዝጊያ እስኪበጅለት ድረስ ጅብ እንዳይገባ እዚያው ሊያድር ነው። እናቱ ከውስጥ ሆነው ተናገሩት።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"'እደር፣ ግን ላሟን እንዳትረብሻት' አለችኝ" አለና ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠራርጎ ገባ።