በጋሼ ስም የጠገንኳቸው ማሽኖች

«ሴት ልጅ ሥራ ቦታ ላይ እንዴት ከፍ ትበል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ሰበታ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የገጠመኝን ነው። ባወራሁት ቁጥር እስካሁን ልቤ ይዘላል!

ያኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋ ነበር። ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ማሽን ሲበላሽ ደንቡ እጅ አውጥቶ ጠጋኝ መጥራት ነው፤ ጠጋኙ ይሠራና ማሽኑ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ ብልሽቱንና ስሙን ያሰፍራል። ጠጋኛችን ለጡረታ የተቃረቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ለዚያ ሁሉ ማሽን እሳቸው ብቻ! እሳቸውን ስጠብቅ በቀን መስፋት ያለብኝ ኮታ ይጎድልብኛል። እጃቸውን እያየሁ ለመድኩና የራሴን መጠገን ጀመርኩ፤ በኋላማ የጎረቤቶቼንም።

«ጋሼ፣ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?»

«የኔን ስም ጻፊና ቀጥይ፣ ልጄ። ያንቺን ካዩ ማን ፈቀደላት ብለው ሁለታችንንም ያፋጥጡናል።»

ጻፍኩ። ስንት ዓመት፣ በገዛ እጄ፣ የእሳቸውን ስም! ክፋት አልነበረባቸውም፤ እኔም የረዳኋቸው እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እህቶቼ፣ የሠራችሁትን በስማችሁ አስጽፉ፤ እንደኔ አትሁኑ።

ጋሼ ጡረታ ወጡና በቦታቸው ሰው እንደሚፈለግ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አጠገቤ የምትሰፋ ከወላይታ የመጣች ጓደኛ አለችኝ፤ ማስታወቂያውን አንብባ እየሮጠች መጣች።

«ያንቺ ነው! ተመዝገቢ!»

«የሚወዳደሩት እኮ ወንዶች ናቸው።»

«ታዲያ ማሽኑ ፂም አለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እየሳቅሁ ሄጄ ተመዘገብኩ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ በስምሽ የተመዘገበ አንድም ጥገና የለም።»

ይህ ቦታ ካመለጠኝ እስካረጅ ድረስ ኮሌታ ስሰፋ እንደምኖር አውቃለሁ። ልወጣ እግሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ብዙዎቹን የጠገንኩት እኔ ነኝ። እሱንም ካላመኑኝ ማሽን ይስጡኝና ይፈትኑኝ!»

በማግስቱ ለሁለት ወንዶችና ለእኔ አንድ ዓይነት ብልሽት ያለባቸው ሦስት ማሽኖች ቀረቡልን። ስፌት ይዘላሉ። ወንዶቹ ወዲያው መፍቻ አንስተው የማሽኑን ሆድ ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። እኔ መፍቻ አልነካሁም። ቁራጭ ጨርቅ አስገብቼ አንድ ስንዝር ሰፋሁና ጎንበስ ብዬ መርፌውን አየሁት። ዞሯል! ኮታ የሚያሯሩጣት ልብስ ሰፊ፣ መርፌ ሲሰበርባት አዲሱን ፊቱን አዙራ ትሰካዋለች፤ እኔስ ብሆን ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ! እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ቶሎ አይመጣለትም። መርፌውን አስተካክዬ ሰካሁት፤ ሰፋሁ፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ወንዶቹ ገና ብሎን ይፈታሉ።

ፈታኙ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው።

«ጋሪዳ!» አለ በኦሮምኛ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። «ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ። ወንበሩም።»

ሳቀና ከኃላፊው ጋር ተያዩ።

«በቃ፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለኝ ኃላፊው።

«ለምን ሰኞ? ዛሬ ገና ግማሽ ቀን ይቀረን የለም እንዴ!»

እነሱ የቀለድኩ መስሏቸዋል፤ እኔ የምሬን ነበር። የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥዬ ወደ ስፌት አዳራሹ ስገባ ጓደኛዬ ከወንበሯ ተነስታ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ መስመሩ በሙሉ! ሱፐርቫይዘሯ «ኮታ! ኮታ!» እያለች ብትጮህም ማን ይስማት?