ክዳኑን የማይረሳ

የሰፈሩ ሰው «ከዳኝ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲከድን የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ሲጠሩት ግን «ዳ»ን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጠበቅ ካደረጉት ስም መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

በሱቁ በር ላይ ከቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጦ የለጠፋቸው ፊደሎች አሉ፤ «እግዚአብሔር ክዳኑን አይረሳም» ይላሉ። ደንበኞች አንብበው «አቤት፣ ቀልድ ሲችልበት!» እያሉ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ በቃሉ ደስ ብሏቸው ይመስለዋል። በልጅነቱ የኖኅ ታሪክ ሲነበብ ጆሮው የያዘው እንዲህ ነበርና፤ ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ሰማይን ከደነ፣ ያ ክዳን ዳግመኛ እንዳያፈስም ማለ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ በመታ ቁጥር ራሱን እንደ ትንሽ የሥራ ባልደረባ ይቆጥራል።

የጓደኛውን የአናጢውን ቤት የከደነ ዕለት፣ ጣሪያው ላይ እንደቆመ ቃል ገብቶ ነበር፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ለአንተም ለዘርህም አያፈስም!» አናጢው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ለሴት ልጁ ደርሷል።

የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት ልጅቱ ሱቁ ደጃፍ መጥታ ገነፈለች።

«አባቴ እርስዎን አምኖ! ውኃው እኮ የሚወርደው አልጋዬ ላይ ነው!»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ማን ነካካው?»

«አንቴና የሚያቆም ሰው ወጥቶ ነበር። እርስዎን ብጠራ ጉልበቴን ይሉኛል ብዬ…»

«እኮ! የበሳው እሱ፣ የምሰደበው እኔ?»

ቀና ብላ በሩን አየች። «እርስዎ» ማለቱንም እዚያው ተወችው። «ድሮስ ኪዳንና ክዳን ካልለየህ፣ ካንተ ምን ይጠበቃል! ኪዳን ነው የሚባለው፣ ቃል ኪዳን!» ዞር ብላ እየሄደች «ከዳኝ!» አለች፣ «ዳ»ን ጠበቅ አድርጋ።

ቤቱ ገባና ሚስቱን ጠየቃት።

«ታውቂ ነበር?»

«ከለጠፍከው ቀን ጀምሮ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ስሆን ዝም አልሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላው አሳምሮ ይጽፈውና ይረሳዋል። አንተ ተሳስተህ ቤት ትከድናለህ። ምኑን ላርምህ?»

መነጽሯን አድርጋ መጽሐፍ ቅዱሱን አወረደች። ቃሉ ያለበትን ቦታ እየፈለገች አነበበችለት፤ ኖኅ ጋ፣ አብርሃም ጋ፣ ከዚያም በምድረ በዳ የወርቅ ጥጃ ያበጁት ሰዎች ጋ።

«እነዚህስ ጠበቁት?» አለ።

«የት ጠብቀው!»

«እሱስ?»

«ሙሴ፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም የማለውን እያነሳ ለመነው። ሊያጠፋቸው ሲችል ተዋቸው፤ ቃሉን ጠበቀ።»

«ከጥጃው በኋላ?»

«ከጥጃው በኋላ።»

ከዳኝ ጢሙን አሻሸ። ነገሩ ክዳን ቢሆን ቀላል ነበር፤ ሌላ ሰው የበሳው ክዳን ዕዳው የበሳው ነው፣ ሙያው እንደዚያ ይላል። ቃልን ግን ማን መሰላል ተክሎ ይበሳዋል? ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ግራ ጉልበቱ የደጁን ሁለት ደረጃ ሲወጣ እንኳ ይንቋቋል።

«ጣሪያውን የሌላ እጅ ነክቶታል፤ የኔ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አለች ሚስቱ።

«የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን ዘጋች። «ስትወጣ በቀኝ እግርህ ጀምር።»

በነጋታው ጠዋት ልጅቱ በሯን ስትከፍት መሰላሉ ግድግዳዋ ላይ ተደግፏል፣ ሽማግሌው ጣሪያው ላይ በሆዱ ተኝቷል። የአንቴናው ሰው የተዋቸውን አራት ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፍኖ፣ ቆርቆሮ ደርቦ፣ ባለ ጎማ ሚስማር እየመታ ነው። ማንም ሳያዝዛት የመሰላሉን እግር ያዘች።

«ጋሼ፣ ትናንት የተናገርኩዎት…»

«እሱን ተይው። ልጆችሽ ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ሦስት!» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያውስ በቶሎ መሞት አይመቸኝም» አለና ወደሚቀጥለው ሚስማር ዞረ።