የዶለዶመው መብሻ

ደባርቅ ውስጥ ላሜራ እየበሳሁ የእህል ወንፊት የምሠራባት ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቅዳሜ፣ ዳባት ላይ የዘር ገብስ እያበጠሩ የሚሸጡ አንዲት እናት የሠራሁላቸውን ወንፊት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው መልሰው አመጡት።

«ልጄ፣ ይኸን ስትሠራ መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዶሃል እንዴ?» አሉኝ። «በዚህ በኩል ገብሱ ደህና ይወርዳል፤ በዚያ በኩል ተቀርቅሮ ይቀራል። እጄንም ቧጨረኝ።»

ከፋኝ። አንዱንም ቀዳዳ በግዴለሽነት አልበሳሁም። ላሜራውን ገልብጬ ጣቴን ከመጀመሪያው ረድፍ ወደ መጨረሻው ቀስ ብዬ ጎተትኩ። መነሻው ለስላሳ ነው። መሀል ሲደርስ የቀዳዳዎቹ ከንፈር ይሻክራል፤ መጨረሻው እንደ እሾህ ይወጋል። ያኔ ንዴቴ ወደ መገረም ዞረ። ስንፍና ቢሆን እዚህም እዚያም በታየ ነበር፤ ይኸ ግን እያደር እየባሰ የሄደ ነው።

ቀዳዳውን የሚበሳውን ብረት፣ መብሻውን፣ በእጅ ከምጫነው ማሽን ፈትቼ በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት ወጣሁ። ስል መሆን የነበረበት ጠርዙ ተበልቶ ዶልዱሟል።

«ጥፋተኛው ይኸውልዎ» አልኳቸው። «ብረቱን መቁረጡን ትቶ እየገፋ ሲቀድደው ኖሯል።»

«ታዲያ ሳለዋ!» አሉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ስስለው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጫፉን ደልዳላ ከማደርገው ወደ አንድ ጎን ባዘነብለውስ? መቀስም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አይደል የሚቆርጠው! ሞከርኩት። የማሽኑ እጀታ ያለ ትግል ወረደ፤ ድምፁም ረገበ።

«አሁን ገና!» አሉ።

ጥቂት እንደበሳሁ ግን መብሻው ወደ ጎን እየተገፋ፣ ከሥር የሚገባበትን የብረት ቀዳዳ መፋቅ ጀመረ። የበሳሁት ሁሉ በአንድ ወገን ሻከረ።

«ይኸም አላማረ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው እያዩ።

መልሼ ደልዳላ አድርጌ ሳልኩት። ለክንድ ይከብዳል፣ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። በየጥቂት ረድፉ እየቆምኩ፣ ጠርዙን እያየሁ፣ ሲደክም እየሳልኩ አዲስ ወንፊት በሳሁላቸው።

በሳምንቱ ዳባት ሄጄ አየሁት። ገብሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይዘንባል፤ ገለባውና ትልልቁ ጠጠር ከላይ ይቀራል። እሳቸው ሌላ ቁና ገብስ ጨመሩበት።

ስመለስ ግን ያ ያዘነበለ መብሻ ለምን እንደዚያ እንደቀለለ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ከግራም ከቀኝም እኩል ባዘነብለው፣ አንዱ ግፊት ሌላውን አያቆመውም? በማግስቱ የሌላ መብሻ ጫፍ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ሁለት ጎን አዘንብዬ ሞረድኩት። ያለ ትግል፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ወፍራም ላሜራ ሲመጣ እስከ ዛሬ የማነሳው እሱን ነው።