የአራት ሰው ካርድ

ሶፋ በሚያድሱበት ወርክሾፕ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቆጣቢዋ» ነው የሚላት። እሷ ባለችበት ቁራጭ ጨርቅ አይጣልም፤ ጥራጊ ስፖንጅ ሰብስባ ትራስ ታወጣበታለች። ቢስቁባትም ቅር አይላትም፤ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በሳቃቸው አይደለማ።

ታዲያ ትልቋ ልጇ የመዝናኛ ፓርኩን ማስታወቂያ ይዛ የመጣች ዕለት ቆጣቢዋ ሰላም አጣች። ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባ ካርድ ይሸጣል ይላል። በማግስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ስታሰላ ዋለች። በሄዱ ቁጥር በር ላይ ከመክፈል ይሻላል ወይ? ይሻላል፤ ግን ስድስት ሰባት ጊዜ ካልሄዱ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ልጆቹ ቢያማቸውስ? ዝናቡ ቢበረታስ? ደግሞ ውስጥ ገብተው ይሄን ግዢልን፣ ያንን ግዢልን ሲሉ ማን ሊችላቸው ነው? ካወጣች ካወረደች በኋላ አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘች። ለእናትና ለሁለት ልጆች ለየብቻ ከሚገዛው ካርድ ይልቅ አባት የተጨመረበት የቤተሰብ ካርድ ይረክሳል። አራት ሰው ከሦስት ሰው ያነሰ ይከፍላል፤ መቼም ነጋዴ ሒሳብ አያልቅበትም። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን አራቱም በር ላይ ቀርበው አብረው ፎቶ መነሣት አለባቸው።

ችግሩ አባትየው የለም። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ዓመት እንደ ልማዱ ጭነት ይዞ ወጣና ከሄደበት ከተማ ደውሎ፣ እዚያ ሌላ ትዳር እንዳለውና እንደማይመለስ ነገራት። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷም ለልጆቿ «አባታችሁ መንገድ ላይ ነው» አለቻቸው። ሹፌር መንገድ ላይ ነው ቢባል ማን ይጠረጥራል? ውሸቱ ግን እያደር ከበዳት። ቅዳሜ ከሰዓት ትንሿ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ትቆጥራለች። ካርዱን አጥብቃ የፈለገችውም ለዚህ ነው። ቅዳሜን የሚሞላ ነገር ከተገኘ ጥያቄው ይቀንስልኛል፣ እውነቱን ከሰሙ ግን ልጆቼ ይሰበሩብኛል ብላ ነው።

ወደ በያጅ ወንድሟ ሄደች።

«ለአንድ ቀን ባሏ ነኝ በልልኝ» ስትለው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከት ብሎ ሳቀ። የምሯን መሆኑን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ልጆቹ አጎታቸው መሆኔን እያወቁ ቃል ቢያመልጣቸውስ ብሎ ጠየቃት። እሷ ሁሉንም አስባበታለች። ለልጆቹ አጎታችሁ ሊያዝናናችሁ ነው ትላቸዋለች፤ ወረቀቱን የሚሞሉት ሁለቱ ናቸው፤ ልጆቹ ለፎቶው ብቻ ይቀርባሉ፤ ማንም አያናግራቸውም። ወንድምየው ራሱን እየነቀነቀ እሺ አለ። እህቱን እምቢ ማለት ድሮም አይችልበትም።

ቅዳሜ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ትንሿ አጎቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወረቀቱ ተሞላ፣ ውሸቱ ተፈረመበት። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ካሜራዋን አስተካክላ አየችና ፈገግ ብላ ወደ ትልቋ ልጅ ዞረች።

«የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ረዘመብኝ። ትንሽ ዝቅ በል በይው እስቲ።»

አለቀ፣ ተዋረድን አለች ቆጣቢዋ በልቧ። ልጅቷ ግን የአጎቷን እጅጌ ጎተት አደረገችና ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ዝቅ በል» አለችው።

ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ፎቶው ተነሣ፤ ካርዶቹም ታትመው ወጡ። ወንድምየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ውሃ ልግዛ ብሎ ትንሿን እንደታቀፈ ዞር አለ።

እናትየው ትልቋን እጇን ይዛ ወደ አጥሩ ዳር ወሰደቻት። ልትቆጣት ይሁን ልታመሰግናት ራሷም አላወቀችም።

«ማነው እንደዚያ በይ ያለሽ?»

«ማንም።»

«አባትሽ ከመንገድ ሲመለስ ይሄን ቢሰማ…»

«እማዬ፣ አይመለስም እኮ» አለች ልጅቷ። «በስልክ ያወራችሁ ቀን በሩ ጋ ነበርኩ።»

ያን ሁሉ ጊዜ «አባዬ መቼ ይመጣል?» እያለች የምትጠይቀው ትንሿ ብቻ እንደነበረች ለእናትየው አሁን ገና ተገለጠላት። የትልቋን ዝምታ ጭምትነት ነው ብላ አልፋው ነበር። አፈረች። ይህችን የምታህል ልጅ ያን የሚያህል ነገር ብቻዋን ስትሸከም፣ እሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ካርድ ስታሰላ መክረሟ አንገበገባት። ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ለሷ ግን እንዳትነግሪያት» አለቻት። «አልጋ ላይ ሆነን ስትጠይቀኝ፣ መንገድ ላይ ነው እላታለሁ።»