የደሴቲቱ ኦርጋን

ባለፈው ቅዳሜ የአረጋውያን ማኅበራችን ከስደት ሰፈራችን ከኮሎምቢያ ሲቲ በቫን አሳፍሮ፣ በፌሪ መርከብ አሻግሮ ወደ አንዲት ደሴት ወሰደን። አጠገቤ የተቀመጠው ታደሰ ነበር... ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈግሁት ሰው።

ጠባችን የታወቀ ነው። እርሱ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር በኤሌክትሪክ ኦርጋን ይታጀብ ይላል፤ እኔ ከከበሮና ከጸናጽል በቀር ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም እላለሁ። በኮቴ ኪስ አርባ ምእመናን የፈረሙበት ደብዳቤ ይዣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንብቤው፣ ፈራሚዎቹን አስከትዬ ወጥቼ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ልተክል ነው።

በደሴቲቱ ያሳዩን ከኖርዌይ የመጡ ዓሣ አጥማጆች የሠሩትን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለንተናው እንጨት፤ ጣሪያው የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። እንደ ልማዴ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ።

«የኔታ፣ እነዚህ እኮ ጫማ አያወልቁም» አለኝ ታደሰ።

«የእነርሱ ጉዳይ ነው።»

ያስጎበኙን የሠሪዎቹ የልጅ ልጅ የሆኑ አዛውንት ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳው ታደሰ ያስተረጉም ጀመር።

«አያቶቻቸው ይህን ሠርተው ሳይውል ሳያድር ተጣሉ ይላሉ።»

«በምን?»

ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ... «በኦርጋን።»

«ከራስህ ጨምረህ እንዳይሆን።»

«ካላመኑኝ ራስዎ ይጠይቋቸው።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋቸው። እውነት ነው። ገሚሶቹ «ይህ የጭፈራ ቤት ዕቃ ነው» ብለው ወጡ። በደብዳቤዬ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ያለው ቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ! እልፍ ብለውም ሌላ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ከዚያ ወዲያ ወንድም ለወንድሙ ለቅሶ አልደረሰም።

«ያኛው ቤተ ክርስቲያን አሁን የት አለ?» አልሁ።

ሴትዮዋ በመስኮት አሳዩን። የሸክላ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። የወጡት ሰዎች ልጆች ወደዚህ ተመልሰዋል፤ ሁለቱ ተደምረው ዛሬ እሑድ እሑድ የሚመጡት አንድ ቫን አይሞሉም።

«ታዲያ በመጨረሻ ማን ረታ?»

ወደ ማዕዘኑ ወሰዱን። ከአሮጌው ኦርጋን ላይ ጨርቁን አንሥተው መርገጫውን በእግራቸው ረገጡት... ድምፅ የለም። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ታደሰ ሳቁን እያፈነ ተረጎመው።

«አይጦች። ወናፉን በልተው ጨረሱት።»

ስንመለስ ፌሪው ላይ ታደሰ ባሕሩን እያየ ጠየቀኝ፦ «የኔታ፣ ያ ደብዳቤ እሑድ ይነበባል?»

ለካስ ያውቃል።

«አይነበብም።»

«ኦርጋኑን ተቀበሉት ማለት ነው?»

«አልተቀበልሁም። አይጦቹን እጠብቃለሁ።»

«የእኛው እኮ ፕላስቲክ ነው፣ የኔታ።»

ይሁን... ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ለተቀመጠ ሰው መጠበቅ ምኑ ነው።